መልሼ አመጣታለሁ

መጀመሪያ የተሰማችው ኳሷ ናት። ገና ጎህ ሲቀድ፣ የጨፋ ረግረግ ጉም ከቦርከና ወንዝ ተነስቶ ከሚሴን ጠቅልሎ በያዛት ሰዓት፣ ከኮሌጁ አጥር ወዲያ ድብ፣ ድብ፣ ድብ ትላለች። ሰው አይታይም። ሜዳውም አይታይም።

ሙሀመድኑር ሚኒባሱን በሩ አጠገብ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ሰጠ። ችኩል አነጣጠር ነው፤ የአዲሶቹ ልጆች ነው። ኳሷ ከእጅ አመለጠች፣ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች፣ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሌላ እጅ አነሳት። ድብ። ዝም። ድብ። ዝም። ሳይቸኩል የሚሄድ ሰው እርምጃ ይመስል ነበር። ሙሀመድኑር ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ናት።

«ኢጆሌ፣ ኮታ!» ብላ ልጆቹን በኦሮምኛ ጠራቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ በአማርኛ ቀጠለች፤ «ቀድሞ ኳስ ጋ የሚደርሰው እግር ነው እንጂ እጅ አይደለም! ስንቴ ልንገራችሁ?»

ዓፊያ እንድሪስን ከተማው ሁሉ «ኮች» እያለ ነው የሚጠራት። የኮሌጁን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ስትረከብ ገና ከትምህርት የወጣች ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አሁን አርባ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ያኔ ሜዳው የኮሌጁ ወጥ ቤት በርበሬ የሚያሰጣበት የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ነበር። ልጆቹ ሲሮጡ ቀይ አቧራ ይነሳና ሁሉም ያስነጥሳሉ። ደሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወስዳቸው በሂጃብና በረጅም ሱሪ ሜዳ ሲገቡ ተመልካቹ ሳቀ። ተሸነፉ፤ መንገዱን ሙሉ እያለቀሱ ተመለሱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው ደሴ ዋንጫውን ተሸክመው ሲወጡ ግን የሳቀ አልነበረም። ከተማው በግርግር በታመሰበት ዓመት የቅርጫት ሰሌዳዎቹ ተነቅለው ሲወሰዱ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ክብ አስምራ ልጆቹን ወደ ክቡ ታስወረውራቸው ነበር። ዛሬ ከባቲ እስከ ሸዋ ሮቢት ሴት ልጆችን ኳስ የሚያስይዙት መምህራን ብዙዎቹ የእሷ ልጆች ናቸው።

ጉሙ ቀስ እያለ ሲገለጥ ሙሀመድኑር አያት። ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች፤ ፊሽካዋ አንገቷ ላይ ነው። እሷም መኪናውን አየች። ያየችው ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነበር፤ እጇ ላይ ያለችው ኳስ ግን አንዴ ሳትነጥር ቀረች።

«ጋሼ ኑሬ!» አለች ጀነት፣ የቡድኑ አምበል፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ሙሀመድኑርን እያየች። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትለምኑ ነው?»

«ሰብሪናን።»

«ለእኛስ ባል የምትለምኑልን መቼ ነው?»

«ሩጪ!» አለች ዓፊያ ከኋላዋ። «ባልሽ ከዚያኛው ቅርጫት ሥር ተቀምጦ እየጠበቀሽ ነው።»

ልጆቹ ሁሉ ፍርስ ብለው ሳቁ። ሙሀመድኑርም ሳቀ። ዓፊያ መጥታ ከጎኑ ስትቀመጥ ግን ሳቁ የት እንደገባ እሱም አላወቀም፤ የሳሙናና የማለዳ ሽታዋ መኪናውን ሞልቶት ነበርና።

*

ከከተማ ውጭ ማደር አለ ሲባል ሴት ልጁን የሚሰጥ አባት አይገኝም። ዓፊያ ይህን ያወቀችው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ደብዳቤ ጻፈች፤ አልሆነም። የኮሌጁን ኃላፊ ላከች፤ አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ነገር አሰበች። ለሙሽራ ሽማግሌ ይላክ የለም? ለተጫዋችም ይላካል! ሼህ ሙሄን ለመነች። ሼሁ በአገሩ የሚከበሩ፣ ግን አፋቸው ከቀልድ የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛ ሽማግሌ ስትፈልግ መኪናውን የሚነዳው ልጅ እዚያው ነበር። ያኔ የሙሀመድኑር ፂም በቅጡ አልወጣም ነበር።

«ይኼ ሽማግሌ ነው ወይስ የሽማግሌ ጫማ ጠባቂ?» ብለው ነበር ሼህ ሙሄ።

ያ ጫማ ጠባቂ ግን አንደበት ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገበሬው ደጃፍ ቆሞ የሚናገረው እሱ ሆነ። ዓፊያ ከጎኑ ትቆማለች፤ እሱ ይናገራል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወጣትነታቸው አለፈ። ሰው እሱን «መኪናዋን አግብቷል» እያለ ያማዋል። እሷን ደግሞ «ኳሷን አግብታለች» ይሏታል። አንዱ ስለ ሌላው የሚባለውን ይሰማል፣ አንድም ቀን ግን አንስተው አያውቁም።

የሰብሪና አባት ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ማሽላው መሃል ነው። ሰውየው ማጭዳቸውን እንደያዙ ወጡ።

«አካም ቡልተን! ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«አልሀምዱሊላህ፣ ሰላም አድረናል» አለ ሙሀመድኑር። «ጉዳያችንን ሳይሰሙን ግን አንቀመጥም።»

እንግዳ ካልተቀመጠ ነገሩ የጋብቻ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሰውየው ማጭዱን አስቀመጡ። «ለየትኛዋ ልጄ ነው?»

«ለሰብሪና።»

«እሺ። ልጁስ የማን ልጅ ነው?»

«ልጅ የለም» አሉ ሼህ ሙሄ። «ኳስ ነው። ቶሎ ስጡንና ልቀመጥ፤ ጉልበቴ ከእናንተ ማሽላ ቀድሞ ደርቋል።»

ሰውየው ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተመለሰ። ዓፊያን አዩ፣ ሙሀመድኑርን አዩ። «መሄዱንስ ትሂድ። ማን ይመልሳታል?»

ሙሀመድኑር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሄዳ እስክትመለስ በእኔ ይሁን። ከእጅዎ ወስጄ፣ ወደ እጅዎ መልሼ አመጣታለሁ።»

ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የሚለው። ዓፊያ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም በሰማችው ቁጥር አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች፣ ፊቷን ሰው እንዳያይባት።

«ስለ አንተ ሰምቻለሁ» አሉ አባት። «ጎርፉ መንገዱን በቆረጠው ጊዜ የጎረቤቴን ልጅ በእግርህ ያመጣሃት አንተ ነህ። በሉ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ሰብሪና ከጓዳ ሆና እየሰማች ኖሮ አንድ ነገር ጣለች፤ ጓዳው በደስታ ተንኳኳ።

ሲመለሱ ሼህ ሙሄ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ወንበር ጋደም ብለው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቆላው ላይ ፀሐይ ወጥታለች፤ ከሰንበቴ ከተማ በኩል የሚመጡ ግመሎች መንገዱን ሞልተውታል። ሙሀመድኑር ፍጥነቱን ቀነሰ። ግመሎቹ ካለፉም በኋላ አልጨመረም።

«አብዱልጀሊል ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለ።

«የሰንበቴው ነጋዴ? ለማን?»

«ለአንቺ።»

ዓፊያ ሳቀች። ፊቱን አይታ ግን ሳቋን አቆመች። አብዱልጀሊል ሚስቱ የሞተችበት የተከበረ ሰው ነው፤ አባቱ በከብት ንግድ የታወቁ፣ እሱ ደግሞ አዳማ ትልቅ መደብር ከፍቶ ኑሮውን ወደዚያ ያዛወረ።

«አንደበት እንድሆነው ጠየቀኝ። አባቷ ሀጂ እንድሪስ የአንተን ቃል ያምናሉ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«እሷን ልጠይቅ አልኩት።»

«እኔን ነው የምትጠይቀው?» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አንተ ምን ትላለህ?»

ሙሀመድኑር መሪውን አጥብቆ ያዘ። አባቱ የሀጂ እንድሪስን መሬት በእኩል ያርሱ ነበር። እሱ ራሱ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር እህል ተሸክሞ የሀጂን ግቢ በኋላ በር ነበር የሚገባው። ይህን ለማን ይነግረዋል?

«ጨዋ ሰው ነው» አለ። «ወላሂ፣ ነውር አላውቅበትም። ኳሱንም ተይ አይልሽም። አዳማም ሜዳ አለ።»

«ስለ አዳማ ሜዳ ነው እንዴ የጠየቅኩህ?»

ከኋላ የሼህ ሙሄ ማንኮራፋት ይሰማል።

«እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ሂድ» አለችው። «አንደበትህ እንደሆነ የታወቀ ነው።»

ልቧ «እስቲ ጨክነህ ሂድ!» ነበር ያለው። አልሄድም እንዲላት ነበር የፈለገችው። እሱ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ ፈቀደች አለ በሆዱ። እሷ ከፈቀደች ደግሞ እኔ ማን ነኝ? ኮሌጁ በር ላይ ስትወርድ እንደ ሁልጊዜው «ጀዛከላህ፣ ኑሬ» ብላ ሳታመሰግነው ቀረች።

*

እሑድ ጠዋት ሽማግሎቹ የሀጂ እንድሪስ ሳሎን በር ላይ ቆሙ። ሼህ ሙሄ አሉ፣ ከሰንበቴ የመጡ ሁለት የአብዱልጀሊል ዘመዶች አሉ፣ ሙሀመድኑር ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ከፊት ቆሟል። በዚህ ቤት በዋናው በር ሲገባ የመጀመሪያው ነው።

ዓፊያ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች። አክስቷ አሻ ክንዷን ይዘዋታል።

«ዝም ብለሽ ስሚ። ሽማግሌ ሲመጣ ሙሽራ አትተነፍስም።»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ አርባ ሊሞላኝ ነው።»

«ለዚያ ነው ዝም በይ የምልሽ። ልጅ ብትሆኚማ ያልፉሻል፤ አንቺን ግን ይሰሙሻል።»

ዓፊያ አልሳቀችም። እስከዚህች ሰዓት ድረስ ሙሀመድኑር አይመጣም ብላ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ፣ ሌላ ሰው ይልካል እንጂ እሱ አይመጣም፣ አፉ ይህን አይናገርም ስትል ነው ያደረችው። አሁን ግን ድምፁን ሰማች።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሀጂ።»

«ወዓለይኩሙሰላም። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም።»

ይህችኑ ቃል ስንት ደጃፍ ላይ አብራው ቆማ ሰምታታለች። ዛሬ ግን ቃሉ የመጣው ለራሷ ነው። ከበሩ ወዲህ ሆና ስትሰማው ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። በየጓዳው ተደብቀው የጠበቁትን ልጆች ሁሉ አሰበች፤ እነሱ ሲያዳምጡ በደስታ ዕቃ ይጥሉ ነበር። የእሷ እጆች ግን ጭኗ ላይ ተጣጥፈው ቀሩ።

ሙሀመድኑር ተናገረ። የአብዱልጀሊልን ስም ጠራ፣ የአባቱን ስም ጠራ፣ ሰውየው ሶላቱን የማያጓድል፣ ለወዳጅ የማይሰስት መሆኑን መሰከረ። ዓፊያ ሥራዋን እንድትቀጥል ቃል መግባቱንም አልደበቀም። ሁሉንም ቀጥ አድርጎ አለው። ቃሉ ውስጥ አንዲት ስንጥቅ አልነበረችም፤ ዓፊያን ያሳመማት ይኸው ነው። እንዴት ያምርበታል እኔን ለሰው ሲሰጥ፣ አለች በልቧ፣ እንባዋም ሳይታወቃት አገጯ ላይ ደረሰ።

«ይበል፣ ይበል» አለ አንዱ የሰንበቴ ሰው።

ሀጂ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ አዳመጡ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል ሁሉም ያውቃል፤ «አስበን እንነግራችኋለን» ብለው እንዲሸኟቸው እየጠበቁ ነበር። ሀጂ ግን መቁጠሪያውን አስቀመጡ።

«ሰውየውን አውቀዋለሁ» አሉ። «ሀብቱንም ዘሩንም አውቃለሁ። ስለሱ አልጠይቅም። አንተን ነው የምጠይቅህ፣ የጀማል ልጅ።»

ሙሀመድኑር ቀና አለ። ሀጂ የአባቱን ስም ሲጠሩ ሰምቶ አያውቅም።

«በዚህ አገር ያልቆምክበት ደጃፍ የለም። ለሰው ልጅ ሁሉ ዋስ ስትሆን ኖረሃል። እኔም በሱቄ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ የጀማል ልጅ መልሼ አመጣታለሁ ካለ ያመጣታል ይላሉ። እኔ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። አዳማ ሩቅ ነው።» ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ። «እስቲ ለእኔስ ምን ትለኛለህ?»

ሙሀመድኑር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ልማድ ነው። አፉን ከፈተ።

ቃሉ አልመጣም።

«ሀጂ…» አለና አቆመ። በሕይወቱ ሁሉ አንደበቱን ያቀናችለት ያቺ አንዲት ቃል ነበረች። ዛሬ የመጣው ግን ላትመለስ ሊሸኛት ነው። ሲነጋ ሜዳው ላይ አትሆንም። ከጎኑ ማንም አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም እሷ አይደለችም። ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን የጠየቁት አባቷ ናቸው፣ እሱም ለአባት ዋሽቶ አያውቅም። ዓይኑ ሳይታዘዝ ወደ መጋረጃው ሄደ። ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው ወደዚያ አያይም። እሱ አየ።

«አንተ ልጅ» አሉ ሼህ ሙሄ በሹክሹክታ፣ «መልስ እንጂ! እንደቆምን እንድናረጅ ነው?»

«አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለ ሙሀመድኑር።

እጁን ከደረቱ አወረደ። ዞረ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ግቢውን አቋርጦ ሄደ።

«ያ ረብ! ምላሳችን ተነስቶ ሄደ እኮ!» አሉ ሼህ ሙሄ። አንዱ የሰንበቴ ሰው ሳቀ። ሀጂ እንድሪስ ግን አልሳቁም፤ ሰውየውም ሳቁን ዋጠ። ሼህ ሙሄ በሩን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ ከዚያ ሽበታቸውን እያሻሹ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ከኋላ ወንበር ተኝቼ» አሉ።

ጓዳ ውስጥ አክስቷ አሻ ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው አስጠጉ። «ምን ሆነ? ምን አለ? ሰውየው ታመመ እንዴ?»

ዓፊያ ደረቷ ውስጥ ለዓመታት ተጨብጦ የኖረ ነገር ቀስ ብሎ ሲፈታ ይሰማታል። ይህን ያህል ዘመን ስለ ሌሎች ልጆች የሰጠውን ቃል ከጎኑ ቆማ ስትሰማ፣ ለእኔስ ምን ይል ይሆን እያለች ራሷን ትጠይቅ ነበር። ያመጣላት መልስ ይኸው ነው፤ ቃል የሌለው መልስ። ከዚህ የበለጠ ማንም ተናግሯት አያውቅም።

ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አክስቷ ቀሚሷን ያዟት። «ሽማግሌ ቆሞ! ምን ይሉሻል? ኧረ የሰው ያለህ!»

ቀሚሷን ቀስ አድርጋ ከእጃቸው አላቀቀች፤ መልሳም እጃቸውን ሳመች። ሻሿን አስተካከለች። መጋረጃውን ገለጠች።

ሽማግሎቹ አንድ ላይ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁምና የት እንደሚያዩ ጠፋቸው። ሼህ ሙሄ ብቻ አላቀረቀሩም፤ እንደ ቆሙ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው መንገድ ሰጧት።

ዓፊያ አባቷ ፊት ደርሳ ዝቅ አለች፣ ትከሻቸውን ሳመች። ሀጂ እንድሪስ አተኩረው አዩዋት። ፊቷ በእንባ የራሰ ነው፤ እሳቸው ግን ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ያበራ ፊት አላዩባትም። ጥያቄ ከከንፈራቸው ደርሶ ነበር።

«ዓፊያ?» አሉ።

ትከሻቸው ላይ የነበረችው እጇ አንዴ ጨበጥ አድርጋቸው ለቀቀች። ቀና አለች፣ በሽማግሎቹ መሃል አለፈች፣ ሙሀመድኑር በወጣበት በዋናው በር ወጣች።